የስንብት ክፍያ ሲዘገይ፣ የጡረታ ፋይል ሲንከራተት፦ ከሥራ ከወጡ በኋላ ምን ያደርጋሉ?

በአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሠራተኛ ሲሰናበት ሒሳቡን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ፤ ገንዘቡ ከላይ ሳይፈቀድ ሲቀርም በትንሿ መስኮት ብቅ ብዬ «ሰኞ ተመለስ» የምለው እኔው ነበርኩ። በአሥረኛው ዓመት ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ የእኔም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ያንኑ «ሰኞ ተመለስ» ከመስኮቱ ማዶ ቆሜ ሰማሁት።

ከዚያ ዘመን የማይረሳኝ አንድ የሽመና ማሽን ሠራተኛ አለ። በየሳምንቱ ይመጣል፣ ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና ይጠይቃል። አለቆቹም «የአንተማ የትም አይሄድ፣ ትንሽ ታገሠን» ይሉታል። ሰባት ወር ታገሠ። ፍርድ ቤት ሲሄድ የድርጅቱ ጠበቃ ገንዘቡ ይገባዋል አይገባውም ብሎ አልተከራከረም። ያቀረበው መቃወሚያ አንድ ብቻ ነበር፦ ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው ጊዜ አልፏል የሚል። መዝገቡም በዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከገንዘቡ ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ነው። የተጻፈውም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ ነው፤ ማለትም በግል ድርጅትና በመንግሥት የልማት ድርጅት ለሚሠራ። የሲቪል ሰርቪስ ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። በሥራ መሪነት ደረጃ ላይ የነበሩ ሰዎችም ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው፤ መብታቸው የሚታየው በውላቸውና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሆነ ከታች ያሉትን ስሌቶች ለራሳቸው ከመውሰዳቸው በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

መጀመሪያ፦ ሦስት ቀኖችን ወረቀት ላይ ይጻፉ

የሥራ ውልዎ የተቋረጠበትን ቀን ይያዙ። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀንና ሥራው የተቋረጠበት ቀን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ የሚቆጠረው ከሁለተኛው ነው። ከዚያ ቀን ተነሥተው የሚከተሉትን ያሰሉ።

የመጀመሪያው ሰባት የሥራ ቀናት ነው። በአዋጁ አንቀጽ 36 መሠረት አሠሪው ደመወዝዎንና ከደመወዝ ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን በዚህ ጊዜ ውስጥ መክፈል አለበት። በመጠኑ ላይ ካልተስማማችሁ እንኳን ያልተካደውን ያህል በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ሊከፍል ይገባል። «ሙሉ ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ አንዲት ሳንቲም አንሰጥም» የሚለው የተለመደ መልስ በሕግ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ሦስት ወር ነው። ስንብቱ ራሱ ሕገወጥ ነው ብለው ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ ክሱ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ሦስተኛው ስድስት ወር ነው፤ የሽመና ሠራተኛውን የጣለውም እርሱ ነው። ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ ከስድስት ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ውልዎ የካቲት 17 ቀን ተቋርጦ ከሆነ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው ግንቦት 17፣ የገንዘብ ጥያቄው ነሐሴ 17 ላይ ያበቃል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፍርድ ቤቶች በነሐሴና በመስከረም ለክረምት ዕረፍት ስለሚዘጉ በዚያ ወቅት ሥራ ላይ የሚቆዩት ጥቂት ተረኛ ችሎቶች ናቸው። የመጨረሻ ቀንዎ ክረምት ላይ የሚውል ከሆነ ሐምሌ ሳይወጣ ፋይልዎን ያስከፍቱ።

ቆጠራውን ምን ያቋርጠዋል? በስልክ የተሰጠ ተስፋ አያቋርጠውም፤ የሥራ አስኪያጅ መሐላም ቢሆን አያቋርጠውም። እርስዎ የጻፉት የጥያቄ ደብዳቤም ብቻውን አይበቃም። የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው የሥራ ክርክር ሰሚ አካል ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ያቀረቡት አቤቱታ፣ አለዚያም አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ያመነበት ሰነድ ነው። ስለዚህ «አይቀርም» የሚልዎትን ሰው አንድ ነገር ብቻ ይለምኑ፦ ይህንኑ በወረቀት ላይ እንዲጽፍልዎት። «ለአቶ እገሌ ያልተከፈለ የስንብት ክፍያ ይህን ያህል ብር መኖሩን እናረጋግጣለን» የሚል ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ከአሥራ አራት ቀጠሮ ይበልጣል።

የስንብት ደብዳቤውን ምክንያት አጥብቀው ይያዙ

የስንብት ክፍያ የሚገባዎት ከሥራ ስለወጡ ብቻ አይደለም፤ የወጡበት ምክንያት ይወስነዋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ ከሕግ ውጪ ሲሰናበት፣ በቅነሳ ሲወጣ፣ በሕክምና ቦርድ በተረጋገጠ የአካል ጉዳት መሥራት ሲያቅተው ክፍያው ይገባዋል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ በሙያዬ ያየሁትን ልናገር። ቅነሳ ሲታሰብ አንዳንድ አለቃ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ «የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍ፣ ሒሳብህን ነገውኑ እናፋጥንልሃለን» ይለዋል። ሠራተኛው ውለታ የተዋለለት ይመስለዋል። የጻፈው ደብዳቤ ግን ቅነሳውን ወደ ፈቃድ መልቀቅ ይቀይረዋል፤ የሁለት ወር የቅነሳ ማስጠንቀቂያው ይቀራል፣ ለተቀነሰ ሠራተኛ የሚሰጠው የ60 ቀን ተጨማሪ ክፍያ ይቀራል፣ አገልግሎቱ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ዋናው የስንብት ክፍያም ይቀራል። ሐሳቡ የድርጅቱ ከሆነ ደብዳቤውን ድርጅቱ ይጻፍ።

ደብዳቤው እጅዎ ሲገባ ሦስት ነገር ይፈትሹ፦ «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» የሚለው ቃል በግልጽ መኖሩን፣ የተቀጠሩበትና የተሰናበቱበት ቀን ትክክል መሆኑን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን። የቅጥር ቀን ላይ የሁለት ዓመት ስሕተት ያለበት ደብዳቤ እኔ ራሴ አዘጋጅቼ አውቃለሁ። በክፋት አልነበረም፤ ሠራተኛው መጀመሪያ በጊዜያዊነት የቆየበት ዘመን በሌላ ሳጥን ፋይል ውስጥ ስለነበረ ነው።

የአገልግሎት ምስክር ወረቀትም በዚያው ይጠይቁ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት

የሚገባውን መጠን የማያውቅ ሰው የሰጡትን ይዞ ይሄዳል። ስሌቱ ከባድ አይደለም።

ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝዎ በ30 ይባዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ ከዚህ በተጨማሪ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይከፈለዋል።

አማካይ የቀን ደመወዟ 400 ብር የሆነ፣ ልክ ሰባት ዓመት አገልግላ በቅነሳ የወጣች የልብስ ስፌት ሠራተኛን እንውሰድ። የመጀመሪያው ዓመት 400 ሲባዛ በ30፣ 12,000 ብር። ቀሪዎቹ ስድስት ዓመታት እያንዳንዳቸው 4,000 ብር፣ በድምሩ 24,000 ብር። እስከዚህ 36,000 ብር። የቅነሳው ተጨማሪ 400 ሲባዛ በ60፣ 24,000 ብር። ጠቅላላ የስንብት ክፍያዋ 60,000 ብር ነው።

በዚህ ላይ ያልተከፈለ የመጨረሻ ወር ደመወዝ ይደመራል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይደመራል፤ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሰጥቶ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨምር ስንት ቀን እንደቀረዎት ከፈቃድ ፎርሞችዎ ላይ ይቁጠሩ። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥዎት «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተብለው ከሆነ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝ አለ፤ ለቅነሳ ሁለት ወር ነው።

ሁለት ቅር የሚያሰኙ ነገሮችን አስቀድመው ይወቁ። አንደኛ፣ «ደመወዝ» ሲባል በሕጉ መሠረታዊው ደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ አበልና ጉርሻ ስሌቱ ውስጥ አይገቡም። የወር ገቢው ግማሽ በአበል ለሚሸፈን ሰው ይህ መራራ ነው፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ገብቶ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የስንብት ክፍያ ከሥራ የተገኘ ገቢ ስለሆነ ግብር ይቀነስበታል። የተቀነሰውን ግብር ስሌት በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ወደ ባንክዎ የገባውና እርስዎ ያሰሉት ሳይገጥም ሲቀር ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ክሊራንሱን በሩጫ ይጨርሱ

አሠሪው በሰባት ቀን ላለመክፈል ሕጋዊ ምክንያት የሚኖረው እርስዎ በራስዎ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ መመለስ ሲያዘገዩ ነው። ይህን ምክንያት አይስጡት።

የእኔ ክሊራንስ ወረቀት፣ ማለትም በእጄ የድርጅቱ ንብረት ወይም ዕዳ እንደሌለ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምበት፣ ሰባት የፊርማ ቦታ ነበረው። ስድስቱን በአንድ ቀን ጨረስኩ። ሰባተኛው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት በሞዴል ፈርሜ የወሰድኩት የሒሳብ ማሽን በስሜ ተመዝግቦ ቀርቷል። ማሽኑ ተበላሽቶ ለጥገና ሲሄድ የሰጠሁበትን ወረቀት ያገኘሁት ቤቴ ውስጥ፣ የልጆቼ የክትባት ካርድ ያለበት ፖስታ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ባይገኝ ኖሮ የማሽኑን ዋጋ ሊቆርጡብኝ ነበር። ስለዚህ ንብረት ሲመልሱ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አይሂዱ፤ የመመለሻ ሰነድ አስቆርጠው ኮፒውን ይያዙ። ግምጃ ቤት ኃላፊው ፈቃድ ላይ ከሆነ ወይም «ቆጠራ ላይ ነን» ካለ፣ ንብረቱን ለማስረከብ በዚህ ቀን መቅረብዎን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ። ዘግይቷል ከተባለ መዘግየቱ የእርስዎ አለመሆኑ ይታወቃል።

ስለ መቁረጥ ከተነሣ፦ አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። «የጠፋ ዕቃ» በሚል የተቆረጠብዎት ነገር ካለ የፈረሙበትን ስምምነት እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

በመጨረሻ «ከድርጅቱ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ያቀርቡልዎታል። ገንዘቡ እጅዎ ሳይገባ አይፈርሙት። ከፊሉን ብቻ የሚቀበሉ ከሆነም «የመጨረሻ ወር ደመወዜን ብር ይህን ያህል ብቻ ተቀብያለሁ፤ የስንብት ክፍያዬ አልተከፈለኝም» ብለው በእጅ ጽሑፍዎ ጨምረው ይፈርሙ። ገንዘብ ከፋዩ ሊነጫነጭ ይችላል፤ እኔም እነጫነጭ ነበር።

ደብዳቤ፣ ቀሪ፣ የገቢ ቁጥር

ሰባቱ ቀን ካለፈ በስምንተኛው ቀን ደብዳቤ ይጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። ረጅም መሆን የለበትም፤ ምሬት ባይኖርበት ይመረጣል። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ቀን ……
ለ…… ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር
ጉዳዩ፦ የስንብት ክፍያ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ
ከ…… ቀን ጀምሮ በ…… የሥራ መደብ ሳገለግል ቆይቼ በ…… ቀን በቁጥር …… በተጻፈ ደብዳቤ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ተሰናብቻለሁ። ንብረት አስረክቤ ክሊራንስ ያጠናቀቅኩ ቢሆንም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 የተወሰነው ሰባት የሥራ ቀን አልፎ ክፍያው አልተፈጸመልኝም። ስለዚህ የስንብት ክፍያ ብር ……፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ብር ……፣ የመጨረሻ ወር ደመወዝ ብር ……፣ በድምሩ ብር …… እንዲከፈለኝ፤ በመጠኑ ላይ ልዩነት ካለም ያልተካደው እንዲከፈለኝና የቀረበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያትሙት። አንዱን መዝገብ ቤት ይስጡ፤ በቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ድርጅትዎ የሠራተኛ ማኅበር ካለው ለማኅበሩ ግልባጭ ያድርጉ፤ በቅነሳ ጊዜ አሠሪው ከማኅበሩ ጋር መመካከር ስላለበት ማኅበሩ የተቀናሾቹ ዝርዝርና ቃለ ጉባኤ ይኖረዋል።

ደብዳቤው መልስ ካላገኘ

ሁለት በሮች አሉ። አንዱ በአካባቢዎ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎች አሠሪውን በደብዳቤ ጠርተው ሊያስማሙ ይሞክራሉ። ገንዘብ ያጣ ግን የማይክድ አሠሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በየወሩ ለመክፈል ይስማማል። ከተስማሙ ስምምነቱ በጽሑፍ፣ ቀንና መጠን ተለይቶ፣ የድርጅቱ ማኅተም አርፎበት ይሁን። ከዚህ ቢሮ ሥልጣን በላይ የሆነ ነገር አይጠብቁ፤ ካልተስማማችሁ የሚፈርድልዎት ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታ ያቀረቡበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃም ከቢሮው ይዘው ይውጡ።

ሁለተኛው በር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ብዙ ሰው የዳኝነት ክፍያ እየፈራ ይቀራል፤ በአዋጁ መሠረት የሚቀርብ የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ በተግባር ቀጠሮ እንደሚረዝም ያየ ያውቀዋል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ይግባኝ ይላል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰዎት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የማኅበር አባል ከሆኑ ደግሞ መሠረታዊ ማኅበርዎን ወይም ፌዴሬሽኑን ይጠይቁ።

ከክሱ ጋር የቅጥር ውል፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የደመወዝ መግለጫ ወረቀቶች ወይም ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ክሊራንስ፣ የገቢ ማኅተም ያለበት የጥያቄ ደብዳቤ ይያያዛሉ። ማስረጃው በድርጅቱ እጅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ይጠይቁ።

ዳኝነት በሚጠይቁበት ክፍል ላይ አንድ መስመር እንዳትረሳ፦ በአንቀጽ 38 መሠረት ክፍያው ለዘገየበት ጊዜ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዝ እንዲከፈልዎት ይጠይቁ። መዘግየቱ ከአሠሪው ቁጥጥር በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር ችሎቱ ይህን ሊወስን ይችላል። ካልጠየቁት ግን ማንም አስታውሶ አይጨምርልዎትም። የምናውቃት የስፌት ሠራተኛ ይህን ብታሸንፍ በወር 12,000 ብር ሒሳብ እስከ 36,000 ብር ይጨመርላታል፤ ድርጅቶች ክስ እንደደረሳቸው ድንገት ለድርድር የሚጠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ይህን መስመር ሲያዩ ነው።

ፈርዶ የሰጠዎት ፍርድ ቤት ገንዘቡን በራሱ አያመጣልዎትም፤ ድርጅቱ ካልከፈለ የአፈጻጸም ፋይል ያስከፍታሉ። ለዚህ ድርጅቱ የሚጠቀምበትን ባንክና ቅርንጫፍ ማወቅ በጣም ይጠቅማል። ደመወዝዎ ይመጣ የነበረው ከየት ነበር? የባንክ መግለጫዎ ላይ አለ። ድርጅቱ ከስሮ ንብረቱ ሊሸጥ ነው ከተባለም ተስፋ አይቁረጡ፦ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ቅድሚያው የሚሠራው ግን ጥያቄውን በጊዜ ላቀረበ ሰው ነው።

ጉዳዩ ሳያልቅ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ። ውክልናው ላይ መክሰስ፣ መከራከር፣ መታረቅና ገንዘብ መቀበል በየስማቸው ይጻፉ። ከሄዱ በኋላ በኤምባሲ በኩል መላክ ይቻላል፤ ግን ማረጋገጫው እየተመላለሰ ወሩን ይበላዋል።

የጡረታው ጉዳይ ሌላ ቤት ነው

የስንብት ክፍያ ከአሠሪ ይጠየቃል፤ ጡረታ ግን ከአሠሪ አይጠየቅም። በግል ድርጅት የሠራ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ወደ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይሄዳል። የመንግሥት ልማት ድርጅት ሠራተኛ በሥራ ክርክሩ እንደ ግል ሠራተኛ በ1156 ቢተዳደርም በጡረታው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አዋጁም 1267/2014 ነው። ይህን ሳያውቁ በተሳሳተ ቢሮ ደጅ ሲጠኑ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ለጡረታ ዕድሜ ገና የቀረው ሰው ዋና ሥራው ገንዘብ መጠየቅ አይደለም፤ አገልግሎቱ በመዝገብ ላይ ሙሉ ሆኖ መቀመጡን ማረጋገጥ ነው። መዋጮው ከሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። የግል ድርጅቶች መዋጮ የሚሰበሰበው በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ማለትም 7 በመቶው ከደመወዝዎ መቆረጡ ብቻውን ገቢ መደረጉን አያሳይም። በደመወዝ መግለጫዎ ላይ «ጡረታ» የሚለው ዓምድ በየወሩ ሞልቶ፣ በመዝገቡ ላይ ግን ወራት ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ክፍያ ያቃተው ድርጅት መጀመሪያ የሚያዘገየው ይህንኑ ነው፤ ሠራተኛው ቶሎ አያየውምና።

አንድ ወር ስንት ያወጣል? በጡረታ ዕድሜ፣ ማለትም በ60 ዓመት የሚወጣ ሰው የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልገዋል። አበሉ ለ10 ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ በየዓመቱ 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 48.75 በመቶ ያገኛል፤ አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን በወር 5,850 ብር። ከ10 ዓመት በታች የሆነ ግን ወርኃዊ አበሉ ቀርቶ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ይሰጠዋል። ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ላይ ለቆመ ሰው ሁለት የጠፉ ወራት የዕድሜ ልክ ልዩነት ናቸው።

ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት፣ መዝገቡን የሚያውቀው የሰው ኃይል ባለሙያ ገና ወንበሩ ላይ እያለ፣ እነዚህን ይጨርሱ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይያዙ። የተመዘገቡበትን ቅጽ ኮፒ ይጠይቁ። ከሥራ መውጣትዎ ለአስተዳደሩ በድርጅቱ በኩል መገለጹን ያረጋግጡ። ድርጅቱ መዋጮ ገቢ ያደረገበትን የሠራተኞች ዝርዝር፣ ቢያንስ ስምዎ ያለበትን ገጽ፣ ለማየት ይጠይቁ። ከዚያ አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሄደው ከራስዎ የደመወዝ መግለጫ ጋር ወር በወር ያስተያዩ። ጉድለት ካለ የተቆረጠብዎትን ወራት ዘርዝረው፣ መግለጫዎቹን አያይዘው፣ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። አስተዳደሩ ያልተከፈለውን መዋጮ ከድርጅቱ የማስከፈል ሥልጣን አለው።

ቀጥሎ ስም። የጡረታ ፋይል የሚያንከራትተው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ፊደል ነው። በአንዱ ሰነድ ላይ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሃይ»፤ በአንዱ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»። ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ደግሞ አንዱ ስም አራት መልክ ይይዛል፣ ባንኩም ከመታወቂያው ጋር አልገጠመም ይላል። የቅጥር ደብዳቤዎን፣ የጡረታ ቅጹን፣ የፋይዳ መታወቂያዎንና የባንክ ደብተርዎን ጎን ለጎን አስቀምጠው የአያት ስም ሳይቀር ያነጻጽሩ። ልዩነት ካለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ማዘጋጀት አሁን ቀላል ነው፤ በ60 ዓመት፣ የድርጅቱ ግቢ ፎቅ ከተሠራበት በኋላ ግን ምስክር የሚሆን ሰው አይገኝም።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ለጡረታ የሚያገለግለው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት የልደት ዘመን ነው፤ በኋላ የሚወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ያንን አይሽረውም። ወጣት እያሉ ሥራ ለማግኘት ዕድሜ የጨመሩ ሰዎች ይህን ኋላ ላይ ሲያውቁ ያዝናሉ። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛ ጥር 1960 የተወለደ ሰው በፈረንጆች 1968 ነው። ቅጹን የሞላው ሰው አንዱን ዘመን በሌላው ቦታ ከጻፈ ሰውየው ስምንት ዓመት ወጣ ወይም ስምንት ዓመት አረጀ። ቀኑ አጠገብ «ዓ.ም.» ይሁን «እ.ኤ.አ.» ተለይቶ መጻፉን በዓይንዎ ይዩ።

ቀደም ብለው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ከነበረ ያ አገልግሎት ከግል ድርጅቱ ጋር ይደመራል። ግን በራሱ አይደመርም፤ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የአገልግሎትና የመዋጮ ማስረጃ ማስላክ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ድርጅትዎ በጡረታ ፋንታ የፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሠራተኛውና አሠሪው የሚያዋጡበት የቁጠባ ገንዘብ፣ ከነበረውም የተጠራቀመው ገንዘብ ከስንብት ክፍያው ተለይቶ የሚታይ ስለሆነ የሒሳብ መግለጫውን ለብቻው ይጠይቁ፤ የእርስዎም የአሠሪውም ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥ።

የትዳር ጓደኛና ልጆች ያሉት ሰው የጋብቻና የልደት ማስረጃዎችን በዚያው ፋይል ያስገባ። ባለመብት ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ማስረጃው ቀድሞ ከሌለ ይህ ሁሉ በለቅሶ ማግስት ይፈለጋል።

የራሴን ጉዳይ ለጠየቀኝ፦ የስንብት ክፍያዬን በአምስተኛው ወር፣ ክሱ ለድርጅቱ በደረሰ በአሥራ አንደኛው ቀን አገኘሁ። የጡረታዬ መዝገብ ላይ አራት ወር ጎድሎ ተገኘ። የሚያሳፍረው እነዚያ አራት ወራት የደመወዝ መክፈያውን እኔ ራሴ አዘጋጅቼ «ጡረታ» የሚለውን ዓምድ ደምሬ የፈረምኩባቸው መሆናቸው ነው፤ ገንዘቡ ገቢ መደረጉን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የደመወዝ መግለጫዎቼን አያይዤ አመለከትኩ። ወራቱ ተሟልተው እስኪመዘገቡ አንድ ዓመት ፈጀ፤ የማመልከቻዬ ቀሪ፣ የገቢ ቁጥሩ ያለበት፣ አሁንም ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር በዚያው ፖስታ ውስጥ ነው።